ቀኝ እግሬና ፍሬኑ

ጣቶቹን ብቻ እኮ ነው፣ ሌላ ምን ጠየቅኩት፣ ተረከዝ መሬት ላይ ይቆይ፣ ጣት ወደ ላይ፣ ይኸው ግራው ይነሳል፣ ቀኙ ግን ጫማው ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቷል፣ ተነሳ አንተ፣ ተነሳ እንጂ። እኔ ዴልበርት፣ አሜሪካ አይዋ ግዛት ውስጥ የስንቱን ጎረምሳ ጉልበት ያቃናሁ የስፖርት መምህር፣ በሰባ አራት ዓመቴ፣ ቤታችን በሆነው መኪና ደረጃ ላይ ተቀምጬ የገዛ አውራ ጣቴን እለምናለሁ። ሚስቴ አርዲስ እንዳታይ ብቻ።

ከውስጥ ሳህኖቹን በፎጣ እየጠቀለለች ነው፣ ይሰማኛል፣ ዛሬ እንነሳለን፣ እዚህ የአሪዞና በረሃ ላይ እንድንቆም የተፈቀደልን ጊዜ አልቋል፣ ጠባቂው ትናንት መጥቶ፣ ዴል ነገ እዚህ ካገኘሁህ እንጣላለን አለኝ እየሳቀ። ሙቀቱም መጣ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው ነው የምንሄደው፣ ዳገቱስ ይሁን፣ ቁልቁለቱ ነው፣ ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ፍሬን፣ ፍሬን፣ ተወው አታስበው።

ወገቤ ይሆናል። ነርቭ ተጭኖብኝ ይሆናል። ያልፋል። ከገና ጀምሮ ያልፋል እያልኩ ነው።

እንዲህ ያለ ኑሮ ገላን ይቀብራል፣ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ከአልጋ እስከ ምድጃ ያለው መተላለፊያ ከትከሻዬ ብዙም አይሰፋም፣ ቀኑን ሙሉ መንዳት፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፣ ካልተጠነቀቅክ በወንበሩ ቅርጽ ደርቀህ ትቀራለህ። ለዚህ ነው አርዲስን በየጠዋቱ የማንቀሳቅሳት፣ ዳሌዋ በቀዶ ጥገና ከተቀየረ ወዲህማ አንድ ቀን አላሳረፍኳትም፣ የስፖርት ላስቲኩን ከመኪናው ኋላ መሰላሉ ላይ አስሬ ሳቢ እላታለሁ፣ ብድግ ቁጭ በይ፣ በእጅሽ ሳትደገፊ፣ ድገሚው፣ ኧረ ደከመኝ ዴል፣ ያረፈ ብረት ይዝጋል፣ ድገሚው። እንደ እኛ በመኪና የሚኖሩት የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ራሞና ከነውሻዋ ከሁሉ ቀድማ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በትንሽ ቫን ብቻዋን የምትኖር፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ አሰልጣኝ ዛሬ ደግሞ በየት በኩል ልትገድለን ነው፣ በወገብ ነው በጉልበት፣ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ በግራ እግሬ ቆሜ።

ጎረቤታችን ሃርቪ መኪናውን እዚያ ነበር የሚያቆመው፣ ከቁጥቋጦው ጎን። ወደቀ፣ ልጆቹ በአውሮፕላን መጥተው ወሰዱት፣ የጎማው ፋና ጠጠሩ ላይ እስካሁን አለ፣ አሁን አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት የመኪና ማቆሚያ ሲያይ ይውላል አሉ። ልጃችን ክሪስታም በስልክ፣ አባዬ ደረጃ የሌለው ቤት አገኘሁላችሁ፣ ልጄ ደረጃ የሌለው ቤት መቃብር ነው አልኳት፣ ዘጋችብኝ።

ዴል፣ ጨርሻለሁ፣ እንሂድ። የአርዲስ ድምፅ ነው። እሺ። እጀታውን ይዤ ራሴን በክንዴ ወደ ላይ እስባለሁ፣ ክንዴ አሁንም የጎረምሳ ነው፣ መሪው ጋ ስደርስ ቀኝ እግሬን በእጄ አንስቼ አስገባዋለሁ፣ አላየችም፣ ወደ ኋላ ሄዳ መስኮት እየዘጋች ነው። ሞተሩ ይነሳል። እነራሞና ከፊት ለፊት ወንበራቸው ላይ ተደርድረው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ሊሸኙን ነው፣ ወደ ኋላ ላውጣት፣ ማርሹ ወደ ኋላ፣ የለም፣ ወደ ፊት ነው የገባው፣ መኪናው ይንፏቀቃል፣ ምንም አይደል፣ ፍሬን፣ ረገጥኩ፣ አልረገጥኩም፣ እግሬ የት ነው፣ የጫማዬ አፍንጫ ከፔዳሉ ሥር ተወትፏል፣ ንቀለው፣ ሱሪዬን ይዤ እጎትታለሁ፣ ይነቀልና ነዳጅ መስጫው ላይ ይወድቃል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ሰዎቹ ይበተናሉ፣ ራሞና ጎንበስ ብላ የውሻዋን ገመድ ከወንበሯ ትፈታለች፣ ተዪው፣ ራሞና ተነሽ፣ አርዲስ ከየት መጣች፣ በጎኔ ተወርውራ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ትስበዋለች።

መኪናው ቆመ።

ከጎማው ሥር የተጨማደደ ወንበር። ራሞና ጠጠሩ ላይ፣ በሕይወት፣ በሕይወት አለች፣ የእጇ አንጓ ግን እጅ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። አትጮህም። በመስታወቱ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ምን ሆነህ ነው ዴል ትላለች። አሰልጣኝ አላለችኝም። አንስተው ፒካፕ ላይ ይጭኗታል፣ ወደ ሆስፒታል፣ ውሻዋ ከኋላ ይሮጣል፣ አቧራው ይውጠዋል። ወደ እኔ የሚመጣ የለም።

አርዲስ ከጎኔ ተቀምጣ ስልክ ይዛለች፣ ክሪስታ ነይልን፣ እሱ ደህና ነው፣ ሰው ጎዳን፣ የለም፣ ከእንግዲህ መንዳት አይችልም፣ አዎ፣ አውቅ ነበር።

ታውቂ ነበር።

የቀኝ ጫማህ አፍንጫው ተልጦ አልቋል፣ ግራው እንደ አዲስ ነው፣ ዕውር መሰልኩህ እንዴ።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ ለምን አብረሽኝ ትሳፈሪ ነበር።

ብነግርህ ትሰማኛለህ? ቁልፉን ብቀማህ ደግሞ ትሞትብኛለህ። ፊቷን ወደ በረሃው ታዞራለች። ያን ሁሉ ብድግ ቁጭ ለዳሌዬ ያልኩት መሰለህ፣ ከዚህ ወንበር ተነስቼ እዚያ የእጅ ፍሬኑ ጋ ለመድረስ ነው፣ አንተ ስትተኛ ሁሉ እለማመድ ነበር፣ ዛሬ መስኮት ልዘጋ ሄጄ ዘገየሁ።

ቀበቶ። ለካ ለዚህ ነው ቀበቶ የማታስረው፣ በየቁልቁለቱ ስጮህባት፣ አርዲስ እሰሪ፣ ሆዴን ይጫነኛል ዴል፣ እኔም ግትር እላት ነበር፣ አንድ ነገር ብንመታ በመስታወቱ ወጥታ የምትቀረው እሷ ነበረች፣ እሷ ይህን አውቃ፣ ከገና ጀምሮ፣ እኔ ሬዲዮ እየከፈትኩ፣ አምላኬ።

ተነስ አሁን ትላለች። እጇን ትዘረጋለች። ቁልፉን መስሎኝ ነቅዬ አስጨብጣታለሁ፣ ኪሷ ትከተዋለች፣ እጇ ግን እንደተዘረጋ ነው። ወዴት ነው እላለሁ። ራሞና ጋ፣ አስፋልቱ ድረስ በእግር፣ ከዚያ የሚጭነን ሰው አይጠፋም። እሷ ፊት እንዴት እቀርባለሁ አርዲስ። እኔ እንጃ፣ ግን ትቀርባለህ። ደረጃውን ቀድማኝ ወርዳ ትከሻዋን ታስጠጋልኛለች፣ ግራው ወረደ፣ ቀኙ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ መሬት የቱ ጋ እንደሆነ አያውቅም።

ተደገፈኝ።

አልከብድሽም?

ትከብደኛለህ፣ ና።