ተክለአብ እስኪፈተን

እኔ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጋሽ ወንድይራድ ማክሰኞ ከሥራ እንደገቡ ኪችን ጠርተው ሲያስምሉኝ፣ ምነው ሌላ ሰው አጡ አልኩ። ዊልስደን ቤታቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ተክለአብ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ አብረን ፍልስፍና እንማራለን።

«አባቱ ሕመሙ ጸንቶበታል። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል» አሉኝ። «ልጁ ግን ዓርብ ፈተና አለው። እስኪፈተን ትንፍሽ እንዳትዪ!»

«ጋሼ፣ ዛሬ ቢሳፈር እኮ ነገ ጠዋት አገር ቤት ይደርሳል!»

«የአባቱ ቃል ነው። ‹ትምህርቱን እንዳታቋርጡብኝ› ብሏል። ደግሞ ማን ያውቃል፣ እግዜር ይምረው ይሆናል።»

ማልኩ። ትልቅ ሰው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሲለምንሽ ምን ትያለሽ?

ረቡዕ ክላስ ገባን። መምህራችን ስላነበብነው መጽሐፍ ትንታኔ አትፈልግም፤ ምን እንደተሰማን ጽፈን እንድናነብላት ነው የምትፈልገው። የዚያ ሳምንቱ ደግሞ፣ የእኔ ዕድል ሆኖ፣ አንድ የጥንት ፈላስፋ ስለ ሞት የጻፈው ነበር። አንዷ አሰልቺ ነው አለች። ሌላው አንብቤው እንቅልፍ አጣሁ አለ። ተክለአብ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ሰውዬው ብቻውን የኖረ ይመስለኛል» ብሎ ጀመረ። «የሚያወራው ስለ ራሱ ሞት ብቻ ነው። እኔ የራሴን አልፈራም። የምፈራው አባቴ ሲሞት ሳልሰማ እዚህ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ ማንበቤን ነው። የእኛ ሰዎች እንዲህ ያለውን ይደብቃሉ። ቤት በደወልኩ ቁጥር ድምፃቸውን ቼክ አደርጋለሁ።»

ክላሱ ሳቀ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። «ስደውል እናቴ ሁሌ አባዬን ታቀርብልኝ ነበር። አሁን ሦስት ቀኗ ነው ‹ተኝቷል› ስትለኝ። ፅጌ፣ አንቺ አጎቴ ቤት ነሽ፤ የሰማሽው ነገር አለ?»

«አንተ ደግሞ! ያ መጽሐፍ ነው የሚያቃዥህ። ይልቅ ዝም ብለህ አጥና!»

ውሸት እንደዚያን ዕለት አምሮልኝ አያውቅም።

«በቃ፣ አንቺ ካልሽ» አለና ስልኩ ላይ ከፍቶት የነበረውን ገጽ ዘጋው። አይቼዋለሁ፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ከሂትሮው ወደ አገር ቤት የሚነሣ አውሮፕላን ነበር። አንድ ወንበር ቀርቶታል ይላል።

ሐሙስ ከሰዓት ቤት ስገባ የጋሽ ወንድይራድ ሚስት፣ እትዬ መሠረት፣ ጥቁር ቀሚሳቸውን ይተኩሳሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። ጋሽ ወንድይራድ ጓዳ ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሰው ሁሉ ይደውላሉ፤ «ቅዳሜ ማለዳ፣ ቅዳሜ ማለዳ» ሲሉ ይሰማኛል።

ዓርብ ተፈተነ። «ዘጋሁት!» ብሎ እየሮጠ መጣና አቀፈኝ። በዚያች ሰዓት አባቱን እየቀበሩት ነበር። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፤ አፌን በቆረጠው!

ቅዳሜ ማለዳ ብሪክስተን፣ ተክለአብ የተከራየው ቤት በር ላይ፣ አሥራ አንድ ሰው ሆነን ቆምን። ሁላችንም ጥቁር ለብሰናል። ጋሽ ወንድይራድ አንኳኩ። ተክለአብ በፒጃማ ወጥቶ አንድ በአንድ አየን። ወዲያው ገባው።

«መቼ?» አለ።

«ሐሙስ፣ ቀትር ላይ» አሉት አጎቱ። «ለፈተናህ ብለን ነው፣ ልጄ።»

አላለቀሰም። አጎቱን ገፍቶ ወደ እኔ መጣ።

«አንቺም አታውቂም ነበር፣ አይደል?»

አሥሩም ሰው ዞሮ አየኝ። አውቅ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። ማርያምን፣ ልል ነበር።

«አላውቅም ነበር» አልኩት።

ያኔ ነው ያለቀሰው። ትከሻዬ ላይ ወድቆ፣ «ሁሉም ዋሹኝ ፅጌ፣ አንቺ ብቻ ቀረሽኝ» እያለ ይንሰቀሰቃል። እኔም ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።