ባባ አምስትን ያዙ

"ማማ ሬኒታ፣ ሰውዬው መጡ!" ዛኪያ ከበሩ ሮጣ ክቡ ውስጥ ገባች።

ሬኒታ እጇን ከከበሮው አላነሳችም። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ወለሉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ግማሾቹ በየሦስተኛው ምት፣ ግማሾቹ በየአራተኛው ይመታሉ። አሥራ ሁለት ላይ ሁሉም አንድ ላይ ሲመቱ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

የዲትሮይት ትምህርት ቢሮ የላካቸው ሱፐርቫይዘር፣ ሚስተር ክሬንሾ፣ በሩ ላይ ቆመዋል። እንደ እሷው ጥቁር ናቸው። አፍሪካን መነሻው ያደረገው ትምህርት በዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለው በእሳቸው ሪፖርት ይወሰናል።

"ወይዘሪት፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መስሎኝ ነበር።"

"ነው፣ ሚስተር ክሬንሾ። ትንሹን የጋራ ብዜት እየፈለግን ነው።"

"በከበሮ? እሺ፣ እኔ ከኋላ ልቀመጥ።"

"ባባ፣ እዚህ እኮ ኋላ የለም፤ ክብ ነው" አለ ማርኬዝ።

ልጆቹ ሳቁ። እዚህ ወንዱ መምህር ባባ፣ ሴቷ ማማ ናት፤ እንግዳም ቢሆን ክቡ ውስጥ የገባ ይመታል። ዛኪያ ከበሮ ገፋችላቸው። "እርስዎ አምስትን ይያዙ። እኛ ሰባትን።"

ሬኒታ ልትገስጻት አፏን ስትከፍት ሰውዬው ኮታቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለዋል።

ቆጠራው ተጀመረ። አምስት ላይ እሳቸው፣ ሰባት ላይ ልጆቹ፣ አሥር ላይ እንደገና እሳቸው መቱ። ፍጥነቱ ጨመረ። ክሬንሾ አላባቸው፤ ደግሞም ፈገግ ብለዋል። ሃያ አንድ ላይ ሁሉም ከበሮ እኩል ጮኸ።

"ተገናኙ! ሃያ አንድ!" ማርኬዝ ዘሎ ተነሣ።

"የምን ሃያ አንድ! አምስት መቼ ነው ሃያ አንድ ላይ አርፎ የሚያውቀው? ባባ ናቸው የዘገዩት!" አለች ዛኪያ።

"ዝም በይ፣ ይሰሙሻል!" አላት ማርኬዝ።

"ይስሙኛ!"

የክሬንሾ ፈገግታ ከፊታቸው ጠፋ። "ሃያ አንድ አይደለም እንዴ?" ብለው ወደ ሬኒታ ዞሩ። ልጆቹም ወደ እሷ ዞሩ። 'ጥሩ ሙከራ ነው' ብላ መጽሐፍ ብታስገልጣቸው የሚቆጣት ሰው አልነበረም።

ከበሮዋን በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ያዘች።

"አይደለም፣ ባባ። ሃያን አሳለፉት። እዚህ ደግሞ ቆጠራውን ያበላሸ ነው የሚያስጀምረው፤ ከአንድ ይጀምሩልን።"