የላይኛው ማሳ ምስክር

ደንበኛው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ሲያሽከረክር፣ ወይን ጠማቂዋ ንጹሑን ጠረጴዛ በጨርቅ ትወለውል ጀመር።

"የላይኛው ማሳ ነው አይደል?" አላት።

"የላይኛው ነው" አለች።

ሰውዬው ሦስት ምግብ ቤቶች አሉት። አባቷ በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ከዚህ ቤት የሚወስደው የላይኛውን ማሳ ወይን ብቻ ነው። የላይኛው አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ድንጋይ። ውሃ አይይዝም። የወይኑ ሥር ጠብታ ፍለጋ በድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ይሆናል፤ ወይኑም ምላስ ቆንጠጥ አድርጎ ይዞ፣ ቆይቶ ነው የሚለቅ። የታችኛው፣ የወንዙ ዳር ማሳ ግን ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ጠግቦ ያድራል። ፍሬው ሲያዩት ያምራል፤ ወይኑ ገና ሳይዋጥ ይረሳል። አምና በረዶ የላይኛውን ማሳ ጨፈጨፈው። እሷም ማንም ሳያያት የጎደለውን በርሜል በታችኛው ማሳ ወይን ሞላችው።

ደንበኛው ጎንጨት አለና ቅንድቡን ሰበሰበ።

"የሆነ ነገር ጎድሎታል። ወይስ ምላሴ ነው?"

በሩ ጋ ሽማግሌው ወይን ገራዥ ቆመዋል፤ አርባ ዓመት የሁለቱንም ማሳ ሐረግ ሲገርዙ የኖሩ ሰው ናቸው።

"አባባ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ። እርስዎ ለማንም አያዳሉም" አላቸው ደንበኛው።

እውነቱን ነበር። እኚህ ሰው አንድ ዓመት የአባቷን ወይን ቀምሰው፣ በሠራተኛ ሁሉ ፊት "ይሄ ኮምጣጤ ነው፤ ድፋው" ብለዋል።

ሽማግሌው ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ቀና ብለው አዩዋት፤ አንዴ ብቻ።

"የላይኛው ነው" አሉ። "በረዶው ትንሽ አለስልሶት ይሆናል።"

"እርስዎ ካሉ አለቀ! እኔ በከንቱ ምላሴን ልከስ ነበር" ብሎ ደንበኛው እየሳቀ ካርቶኖቹን ሊያስጭን ወጣ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

"አባባ..."

"ተይው ልጄ። ያባትሽ ስም እንዳይጠፋ ብዬ ነው።" አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ ጠርገውም እንደገና ጠረጉ። "ያን የላይኛውን ማሳ ድንጋይ ስረግጥ አረጀሁ። ክጄው አላውቅም ነበር።"

"የካድኩት እኔ ነኝ እንጂ እርስዎ አይደሉም።"

"የዋሸው አፍማ የኔ ነው" አሉና ጎንበስ ብለው ወጡ።

ቢሰድቧት በወደደች። ፊቷ ፍም ሆነ። ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ይላል፤ እሷ በሁለቱም መሬት ዋሽታለችና የትኛው ይቀበላታል? ደንበኛው ተቆጥቶ ቢቀር ሌላ ይገኝ ይሆናል። አርባ ዓመት ሙሉ ያልዋሸ አፍ ግን በእሷ ምክንያት፣ በእሷ ቤት፣ ዛሬ ዋሸ።

ከውጭ የመኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማች። ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ ሮጠች።

"አውርዱት!" አለች ጫኞቹን። "ካርቶኑን ሁሉ አውርዱት!"

ደንበኛው አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ምነው? ምን ተፈጠረ?"

"ይውረዱልኝ፤ የምነግርዎ አለ" አለችው፤ ግን አልቀጠለችም። ወደ ማሳው ማዝገም ለጀመሩት ሽማግሌ እጇን አወዛወዘችላቸው።

"አባባ! ይመለሱ! እርስዎ ባሉበት ነው የምናገረው።"