ሳይፈታ «ተፈታ»

ይርዳው ደሴ ከተማ ሠልጥኖ የተመለሰ ዕለት ፈዲላ «ያ አላህ፣ አንተው ጠብቀን» ብላ ነበር። ይኸው፣ አልቀረላትም።

ዘመኑ የለውጥ ሠራዊት ዘመን ነው፤ መካነ ሰላም ያለው መሥሪያ ቤታቸው ሁሌ ግምገማ ላይ ነው። ፈዲላ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ናት፤ አለቃዋ ይርዳው የኮምፒውተር አገልግሎት አሰጣጥ መመሪያ ይዞ መጣ። መመሪያውስ ደግ ነበር። ብልሽት ይመዝገብ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው ይቅደም፣ ተገልጋዩ ራሱ «ተፈታልኝ» ሳይል ጉዳዩ አይዘጋ ይላል። ይርዳው ግን የወደዳት አንዲት ቃል ናት፦ «ተፈታ»። ፕሪንተር ቢቆም፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ብልሽት የሚመዘገብበት ሰሌዳ ላይ በአረንጓዴ «ተፈታ» ይልና ለዞን ሪፖርት ይልካል። ቀጣፊ!

የመሬት ክፍል ፕሪንተር ከቆመ ሰነበተ። ፈዲላ ይርዳው ክፍል ያለውን ፕሪንተር እናምጣው ብትል «ያለ እኔ ፈቃድ ዕቃ ንቅንቅ አይልም!» ብሎ ጮኸባት።

በዚህ መሃል ወይዘሮ አሰጋሽ ከገጠር መጡ። ባላቸው ፈቷቸው መሬቱን ብቻውን እያረሰ ነው። የይዞታ ማስረጃቸው ታትሞ ዛሬ ከሰዓት ፍርድ ቤት ካልደረሰ ድርሻቸው ቀለጠ።

«ልጄ፣ ያ ሰሌዳ ስለኔ ምን ይላል?»

ፈዲላ አፈረች። «‹የመሬት ክፍል፣ ተፈታ› ይላል፣ እትዬ።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ሰሌዳው አጠገብ የቆመው ይርዳው ላይ አፈጠጡ። «ማን ነው የሚፈታኝ? አንድ ባል ፈትቶኛል፣ ይበቃኛል! አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ?»

ወረፋ የያዘው ተገልጋይ በሳቅ ፈረሰ። ይርዳው ደሙ ፈላ። «ችግሩ ነው የተፈታው፣ እናቴ!»

«እንግዲያ ወረቀቴን ወዲህ በል!»

ፈዲላ አላስቻላትም። ይርዳው ክፍል ገብታ ፕሪንተሩን ተሸክማ ወጣች።

«አስቀምጪ! አባርርሻለሁ!»

«ተገልጋይዋ ተፈታልኝ አላሉም። መመሪያው የእርስዎ ነው» አለችውና ገመዱን ሰካች።

ወረቀቱ ወጣ። ሲመሽ ወሬው ደረሳት፤ ግማሹ መሬት ለወይዘሮ አሰጋሽ ተፈርዷል። አልሐምዱሊላህ!

በማግሥቱ የክፍሏ ቁልፍ ተቀይሮ ጠበቃት። ሰሌዳው ላይ በአረንጓዴ «የፈዲላ ጉዳይ፣ ተፈታ» ተጽፏል። ይርዳው እጁን አጣጥፎ ያያታል። እንጀራዋ ተቆረጠ! እንባዋን ግን ለሱ አታሳይም። እስከ ዛሬ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰውዬ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«እኔ ነኝ የፈታሁህ!» ብላው ወጣች።