በሦስተኛ ማርሽ

ትራክተሩ ጋራዡ ግቢ የገባው በሦስተኛ ማርሽ ነበር፤ ሌላ ማርሽ ስላልነበረው። ጠዋት እርሻው ዳር ሦስተኛ ላይ ነክሶ ቀረ፤ የማርሹ እጀታ ግን እንደሚነቃነቅ ጥርስ ወዲያና ወዲህ ይላል። ነጂዋ በገበያው መሃል ፍሪሲዮን እየረገጠች፣ «ዞር በሉ! አልቆምም! ዞር በሉ!» እያለች አለፈች። የአትክልት ሻጮች ሸራቸውን ሰበሰቡ። ልጆች «እትዬ ሦስተኛ! እትዬ ሦስተኛ!» እያሉ እስከ ጋራዡ በር ሸኟት።

ቅጽል ስሙ ዛሬ የወጣላት አይደለም። ይህ ትንሽ ትራክተር ከአባቷ የቀረ ነው፤ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል። አባቷ ታመው እሷ መሪውን ከያዘች ጀምሮ፣ ይኸው አሥራ አራት ዓመት፣ ሦስተኛ ማርሹ ይዘላል። መሬቱ ትንሽ ባዘቀዘቀ ቁጥር እጀታው «ጧ!» ብሎ ከማርሹ ይወጣል። እሷም መላ አበጀች፦ በግራ ጉልበቷ እጀታውን ደግፋ መግፋት። እንዲህ እየገፋች አረሰች፣ እህል አጓጓዘች፣ ታናሽ ወንድሟን ጭቃ መከላከያው ላይ አስቀምጣ ትምህርት ቤት አመላለሰች። ተኝታም ትነዳለች። በአልጋዋ በኩል ያለው ግድግዳ በጉልበቷ ልክ ቀለሙ ለቆ መዳፍ የሚያህል ነጭ ክብ ወጥቶበታል።

ያ ታናሽ ወንድም አሁን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሚስት አግብቷል፣ ጢም አብቅሏል፣ ምክርም ጀምሯል። ከኋላዋ በእግሩ ደረሰና መሪውን ተደግፎ ቆመ።

«እታለም፣ እንግዲህ ይበቃሻል። ጉልበትሽን እዪው፣ ዱባ አክሏል። ጋሼ መካኒኩ ከጠገኑት ዘንድሮ እኔ ልንዳው። አንቺ ቤት ተቀመጪ።»

«ቤት ተቀምጬ ምን ልሁን? መጋረጃ?»

«እረፊ ነው ያልኩት።»

«የሚያርፍ የሞተ ነው። ዞር በል፣ ልውረድ።»

ስትወርድ አነከሰች፤ እሱም ማየቱን አየች። በአባቷ ቤት ሳሎኑ የወንድሟ ነው፣ ወጥ ቤቱ የሚስቱ፤ ለእሷ አንድ አልጋና ያ ግድግዳ ቀርተዋታል። ከዓለም መቀመጫ ሁሉ ማንም «ተነሺ» ብሏት የማያውቀው ይህ ስፖንጁ የተበላ የብረት ወንበር ብቻ ነው። እሱን ከለቀቀች ሌላ አይኖራትም።

መካኒኩ ሰባን የተሻገሩ፣ የመነጽራቸውን እግር በሽቦ ያሰሩ፣ ሰውንም ብረትንም በአንድ ዓይነት ትዕግሥት የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። ትራክተሩ ሥር ገብተው የካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ የዘይት መፍሰሻ ቡሎን ፈቱ። የወረደው ዘይት ጥቁር አልነበረም፤ ወፍራምና ግራጫ ነው።

«ይሄ ዘይት ነው ወይስ ወተት ያለው ሻይ?» አሉ ከሥር። «ውኃ ገብቶበታል። መቼ ነው የቀየርሽው?»

«ባለፈው።»

«ባለፈው የቱ?»

«ከባለፈው በፊት ያለው ባለፈው።»

«ጎሽ። በይ ተቀመጪ። ዘይት ሲወጣ አይቸኩልም።»

በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ቀትር ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ በአሮጌ ምስማር ቀዳዳዎች የተበሳሳ ስለሆነ ወለሉ ላይ ብርሃን ተንጠባጥቧል፤ ፀሐይዋ ስትሄድ ነጠብጣቦቹም በመፍቻዎቹ፣ በጎማዎቹ፣ በራሷ እጅ ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ዘይቱ ክር ሆኖ ይወርዳል። ከዚያ ጠብታ ሆነ። በጠብታና በጠብታ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄደና፣ በአንዱ መካከል ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ካምቢዮው ውስጥ ናት። ለብ ያለና ሰፊ ክፍል ነው፤ ቤት የሚያካክሉ ጥርሳም ጎማዎች ያለ ድምፅ ይዞራሉ፤ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ የሚሰማው አንድ ሰው በሩቅ ሲያላምጥ የሚሰማው ያህል ነው። እሷ በር ላይ ቆማለች፤ በሩን በጉልበቷ ገፍታ ይዛዋለች። ከውጭ አንድ ጨዋ ድምፅ «ልግባ?» ይላል። «አይቻልም» ትላለች። «እሺ» ይላል፣ ጥቂት ይቆይና እንደ አዲስ «ልግባ?» ማን እንደሆነ ልታይ አትችልም፤ ለማየት ጉልበቷን ማንሳት አለባት።

«አንቺ ልጅ!» አሉ መካኒኩ። የአርባ አራት ዓመት ሴት «አንቺ ልጅ» የሚሏት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ነይ፣ የሠራሽውን እዪ።»

የላይኛው ክዳን ከነእጀታው ተነስቷል። በመዳፋቸው ላይ ሁለት ጣት ያለው ሹካ የሚመስል ብረት ይዘዋል። ማርሽ ሲገባ ጥርሳሙን ጎማ ጨብጦ ወደ ቦታው የሚገፋው እሱ ነው። አንዱ ጣት ደህና ነው፤ ሌላው ግን እንደ አሮጌ ማጭድ ተበልቶ ስስ ሆኗል።

«ዛሬ ከጥርሳሙ ጎማ ቦይ የወጣው ለዚህ ነው፤ የሚጨብጥበት አልቀረውም። ማን እንዲህ ገፋው?»

«እኔ ነኛ። ካልገፋሁት ይዘላላ።»

«የሚዘለው ለምን እንደሆነ ላሳይሽ።» በሁለት ጣታቸው ባቄላ የምታህል የተሰበረች ሞላና አንዲት ድብልብል የብረት ቢሊያ አነሱ። «ይቺ ሞላ ቢሊያዋን ትጫናለች፣ ቢሊያዋ ዘንጉ ላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፣ ማርሹም ባለበት ይተኛል። ድሮ ተሰብራለች። መጀመሪያ የታመመችው ይቺ ብቻ ነበረች። የቀረውን በሙሉ ያጠፋው ያንቺ ጉልበት ነው። ሹካው የተበላው ስለገፋሽው፣ ውኃ የገባው በጉልበትሽ የእጀታውን የጎማ ሽፋን ስለቀደድሽው። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ!»

እትዬ ሦስተኛ ሞላዋን ተቀብላ አየቻት። አሥራ አራት ዓመት። አላለቀሰችም፤ አንድ ጎረቤት ለዘመናት በስህተት ሰላምታ ሲሰጣት እንደኖረ የነገሯት ያህል ብቻ አፈረች።

«እና ይጠገናል?»

«በብየዳ ሞልቼ በሞረድ አስተካክለዋለሁ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ይሄ ብረት ሁለተኛ እሳት አይችልም፣ ምትኩም የትም የለም። ከእንግዲህ እጀታውን ማርሽ ሊያስገባ ካልሆነ የሚነካ ሰው ትራክተሩን ቀብሮታል ማለት ነው።»

ወንድሟ ፊቱ በራ። «እንግዲያው ነገሩ ቀለለ! እሷ ልማድ አለባት፤ እኔ የለብኝም።»

«ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» አሉ መካኒኩ፣ ማንን እንደሆነ ሳይናገሩ። «እሑድ እርሻው ላይ እመጣለሁ። የላይኛውን ግማሽ እሷ ትረስ፣ የታችኛውን አንተ። ጉልበቱ እጀታውን የነካ ቁልፉን ለሌላው ይስጥ። ተስማማችሁ?»

«ተስማማሁ» አለ ወንድምየው፣ ገና ሳይጨርሱ።

እሷም ሞላዋን ጨብጣ «እሺ» አለች።

ሥራው ሦስት ቀን ወሰደ። መካኒኩ ሲበይዱ እሷ ጥርሳሞቹን ጎማዎች አንድ በአንድ በናፍታ አጠበች። ግራጫው ሲለቅ ከሥሩ ያልጠበቀችው ብርማ ነገር ወጣ፤ በጨርቅ ላይ ደርድራቸው ፀሐይ ሲያገኛቸው በጣሪያው ላይ የብርሃን ጥርሶች ተሳሉ፤ አንዱን ስታዞር ከላይም አንዱ ይዞራል። መካኒኩ ሹካውን እየሞረዱ በየመሃሉ በጥፍራቸው ይዳስሱታል። አዲስ ሞላ ገባ፣ እጀታው አዲስ የጎማ ሽፋን ለበሰ፣ ክዳኑ ዘይት በማያሳልፍ አዲስ ጓርኒሲዮን ተዘጋ፣ እንደ ማር የጠራ ዘይት ተሞላ።

«በየዓመቱ ዝናብ ሳይጀምር ቀይሪው» አሉ። «ባለፈው አትበይኝ።»

ከዚያ ከጋራዡ ኋላ ባለው ጠባብ መንገድ ሞከረችው። ሦስተኛ ገባ፤ ቢሊያዋ ቦታዋን ስትይዝ በእጀታው በኩል እጇ ውስጥ ተሰማት። ሃያ እርምጃ ሳትሄድ ጉልበቷ እጀታው ላይ ነበር። አነሳችው። ተመለሰ። በእጇ ያዘችው፤ መሪው ጠመመ። በሻርፕ እግሯን ከወንበሩ ጋር አሰረችው፤ ፍሪሲዮን የሚረገጠው በዚያው እግር ነውና አጥር ልትጥስ ነበር።

ወርዳ ያንኑ አጥር አየች። የእሾህ አጥር ነው። ስንዝር የሚያህል ቅርንጫፍ ቆረጠችና እጀታው ላይ፣ በግራ በኩል፣ በጉልበቷ ልክ፣ በሽቦ አሰረችው።

ወንድሟ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እታለም፣ ትራክተር ነው ያለን ወይስ የፍየል በረት?»

«ፍየሏ እኔ ነኝ። አንተ ሳቅ።»

ዓርብ ዕለት ጉልበቷ እንደ ወንፊት ተወጋ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አንድ ጊዜ መወጋቷን ቆጠረች፤ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ብቻ። ማታ ስትተኛ ከግድግዳው ራቅ ብላ ተኛች።

እሑድ ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ዝናቡ የመጣ የመጣ እያለ ዋለ። መካኒኩ በእርሻው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ወንድሟ እጁን አጣጥፎ ከአጠገባቸው ቆመ። እሷ ማረሻውን አወረደች፣ ሦስተኛ አስገባች፣ እግሯን ከፍሪሲዮኑ አነሳች።

የመጀመሪያው መስመር ላይ የምታስበው ስለ ጉልበቷ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ላይ መሬቱ አዘቀዘቀ፤ ጉልበቷ ሄደ፣ እሾሁ ሳይደርስባት ግን መንገድ ላይ ቆመ፣ አንድ ነገር ረስቶ እንደተመለሰ ሰው ዞረ። ሦስተኛው ላይ ማርሹ ያለማንም እርዳታ ተኝቷል፤ ትራክተሩ ከሥሯ ወጥ በሆነ ድምፅ ያጉተመትማል፤ እሷም የምትሠራው አጣች። ያኔ ሕልሟ ተመለሰ፣ በጠራራ ቀን፣ ዓይኗ እንደተገለጠ። በሩ ላይ ቆማለች። «ልግባ?» አለ ድምፁ። ጉልበቷን አነሳች። በሩ ግን አልተከፈተም፤ በራሱ እንደተዘጋ ቆመ፤ ድምፁም «አይ፣ ይቅር፣ ለመጠየቅ ያህል ነው» አለና ሄደ።

ዞር ብላ በግራ በኩል አየች። በአሥራ አራት ዓመት ወደዚያ ተመልክታ አታውቅም፤ ሰውነቷ ሁልጊዜ ወደ እጀታው የዞረ ነበር። የእርሻው የግራ ዳር አንድ ረጅም ዛፍ አለው። መቼ እንደበቀለ እንጃ። አፈሩ ከኋላዋ እየተገለበጠ፣ ወፎች እየተከተሏት፣ ዛፉ በቀስታ ወደ እሷ መጥቶ በቀስታ አለፋት። መስመር መቁጠሯን ተወች። የላይኛው ግማሽ ማለቁን ያወቀችው መካኒኩ ባርኔጣቸውን ሲያወዛውዙ ነው።

ወረደች። ሱሪዋን አዩት፤ አዲስ ነጥብ የለበትም።

«ተራዬ!» አለ ወንድሟ፣ ዘሎ ወጥቶ። እሾሁን ሊፈታ እጁን ሰደደ።

«ተወው» አሉ መካኒኩ። «ልማድ የለብኝም አላልክም? ካልነካኸው አይነካህም።»

ሳቀና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሦስተኛ አስገባ፣ መንዳት ጀመረ፣ አንገቱን ቀና አደረገ። መሬቱ ገና ማዘቅዘቅ ሲጀምር፦

«ዋይ!»

ትራክተሩ ቀጠለ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ «ዋይ! ኧረ ምንድን ነው!» ሦስተኛው ጩኸት ላይ ቆመ። ሱሪው ላይ ጎንበስ ብሎ እሾህ ይነቅላል።

«እኔ እኮ አልገፋሁም!» አለ። «እግሬ ራሱ ነው!»

መካኒኩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «በአሥራ ሁለት ዓመትህ ከጎኗ ተቀምጠህ እያየህ ያደግኸው ማንን ነው ታዲያ? ትራክተር መንዳት ማለት መግፋት መስሎህ ነው የኖርከው። እሷ ለመተው ሁለት ቀን ፈጀባት። አንተ ገና እንዳለብህም ዛሬ ነው የሰማኸው።»

ወንድሟ የመጨረሻውን እሾህ ነቅሎ ጣለ። ከዚያ ሞተሩን ሳያጠፋ ቁልፉን በእጁ አመለከታት፤ ማውጣት አላስፈለገውም። ወደ ጭቃ መከላከያው ተንሸራቶ ቦታውን ለቀቀላት።

«ፍየሏ ማን ነበረች?» አለችው ስትወጣ።

«ንጂ ባክሽ፣ ዝናቡ መጣ።»

ነዳች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በትኩሱ የሞተር ክዳን ላይ ወድቀው በነው ጠፉ። የታችኛው ግማሽ የበለጠ ያዘቀዝቃል። ማርሹ ተኝቷል፣ እሾሁ ተኝቷል፣ እግሯ ተኝቷል። በግራ በኩል ዛፉ እንደገና ሲመጣ ልታየው ዞረች፤ ያየችው ግን ወንድሟን ነው። ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ዝናቡ ላይ ጥሎ፣ መሬቱ ዝቅ ባለ ቁጥር በግራ ጉልበቱ ባዶውን አየር ይገፋል።