ከአመዱ በታች

ጉድጓዱ አሥራ ስድስት ክንድ ጠልቋል፤ ጠብታ ውሃ ግን የለውም። የቆፋሪው ዶማ ያረፈው፣ ሁለተኛዋ ጨረቃ የወደቀች ዕለት አገሩን ያለበሰው ጥቁር አመድ ላይ ነው። መጨረሻ የለውም ስለሚባል፣ እዚያ ደርሶ ያላቆመ ቆፋሪ የለም።

«ውጣ እንጂ አንተ ሰውዬ! አያቶችህ ያልደፈሩትን!» አለች ሚስቱ ከላይ።

«አያቶቼ ውሃ ነበራቸው። እኛ ነገ ቤታችንን ጥለን ልንሰደድ ነው።»

«ጨረቃዋን ብታገኛትስ?»

«እንግዳ መጥታለች፣ ቤት ጥረጊ እልሻለሁ።»

ሳቋ አመለጣት፤ ቅርጫቱን አወረደችለት።

ከአመዱ ሥር የጋሪ መንኮራኩር የቦረቦረው የድንጋይ ንጣፍ ወጣ። አንዱን ድንጋይ ሲፈነቅል እግሩ ረጠበ።

በማግስቱ ውሃው ሦስት ክንድ ሞልቶ ነበር፤ ለስደት ጓዙን የጫነ የመንደሩ ሰው ሁሉ አወረደ። መጨረሻ የለውም የተባለው አመድ ውፍረቱ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ነበር።