ብሎን ጠብቋል?

«ያቺ ሞተር በላቻት፣ አይደል?» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ወንበሩ ላይ በቅጡ እንኳ ሳትቀመጥ።

«አልጋ ነው የበላት» አለች ብሎን።

«እ?»

«አልጋ። ምሳዋን በልታ፣ እጇን ታጥባ፣ ጋደም እንዳለች ቀረች። ልቧ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ። ሞተሯ ያኔ ግቢ ውስጥ በማንም ላይ ክፉ ሳትሠራ ቆማ ነበር።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን እንዲያው ሲታሰብ…»

«ሲታሰብማ አልጋውን ብንሸጠው ነው የሚሻለን። በዓለም ላይ ስንቱን ጨርሷል።»

ጥግ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሳቀና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። በሩ አጠገብ የቆመው አባቷ በዓይኑ ቆነጠጣት።

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ሞተሯን ይከሳል። ሟቿ ጠጉሯ ጥቁር ሳለ ጀምራ እስኪሸብት ድረስ በዚያች ሞተር አስፋልቱንም ጠጠሩንም ስትመላለስበት ጣቷ እንኳ አልተሰበረም። ቢሆንም ሞተር የምትነዳ ሴት በሌላ ነገር መሞት እንደማይፈቀድላት ሰው ሁሉ የተማማለ ይመስል ነበር።

ሎጊት ነበር የሚሏት፤ የብሎን አክስት፣ የአባቷ ታላቅ እህት። የቤቱን በር ሁሉ ጎንበስ ብላ የምታልፍ ሴት ሌላ ምን ትባላለች? ሥራዋ የውሃ ፓምፕ መጠገን ነበር። አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ከሚጀምርበት ወዲያ ያሉት የአትክልት እርሻዎች ውሃ የሚጠጡት በእሷ እጅ ነው። ለብሎንም ስሙን ያወጣችላት እሷ ናት። ልጅቷ ከሰው ሁሉ ትከሻ በታች ስትቀር ዘመድ «ይቺ ልጅ አታድግም እንዴ?» እያለ ሲያሾፍ፣ ሎጊት «ብሎንም ትንሽ ነው፤ ሲላላ ታያላችሁ» ብላ ዝም አሰኘቻቸው። ስሙ በዚያው ጸና።

አባቷ ሞተሯን ነጭ አንሶላ አልብሷታል። እንግዳ እንዳያያት ብሎ ነው። ይኸው ደግሞ ባሰ፤ ወደ ግቢው የሚገባው ሰው ሁሉ ያልተቀበረ ሌላ ሬሳ ያለ እየመሰለው ክው ይላል።

ብሎን ኩሽና ሻይ ቀድታ ልትመለስ ስትል፣ ከበሩ ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«ልጅቷም ልትገዛ ነው አሉ።»

«ማን? ይቺ ጭብጥ የማትሞላዋ?»

«አዎ። የፊታችን ቅዳሜ ከሟቿ ጋር ሄደው ሊመርጡ ተቀጣጥረው ነበር አሉ።»

«ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት አለ? ፈጣሪ አትንኪ ሲላት ነው እንጂ።»

ብሎን በሩን በትከሻዋ ከፍታ ትሪውን ዘረጋችላቸው። «ሻይ ጠጡ። ስኳር ጨምሬበታለሁ፤ ምልክት ማንበብ ጉሮሮ ያደርቃል።»

*

ብሎን መንገዱን የምታውቀው ከኋላ ነው። ትምህርቷን ከጨረሰችበት ጊዜ ጀምሮ የመፍቻውን ቦርሳ አቅፋ፣ በአክስቷ ሰፊ ጀርባ ተከልላ፣ ጎማው ከአስፋልት ወደ ጠጠር ሲወርድ መቀመጫው እንዴት እንደሚያጉረመርም በጭኗ ተምራለች። ሎጊት ከመነሳቷ በፊት ሁልጊዜ ግራ እጇን ወደ ኋላ ትሰድና የልጅቷን ጉልበት መታ መታ ታደርጋለች።

«ብሎን ጠብቋል?»

«ጠብቋል።»

ከዚያ ይሄዳሉ። ይህን ሳትጠይቅ የሄደችበት ቀን የለም።

ውሎ አድሮ ግን ሥራው ለአንድ ሞተር በዛ። «ፓምፕ እኛን ጠብቆ በተራ አይሰበርም» አለች ሎጊት። «የራስሽን ትገዣለሽ፤ አንቺ ከወንዙ ወዲያ፣ እኔ ከወንዙ ወዲህ።»

ብሎን የምትፈልጋትን ከመረጠች ሰንብታለች። ሱቁ መስኮት ላይ የቆመችው ትልቋ ናት፤ የቤንዚን ሰልባትዮዋ የበሬ ትከሻ የሚያህል፣ መብራቷ እንደ ጉጉት ዓይን የፈጠጠ፣ በግራና በቀኝ የብረት ሳጥን የተሸከመች። ሎጊት መስኮቱ ላይ ግንባሯን ተክላ አየቻት።

«ቆንጆ ናት። ስትተኛስ?»

«ሞተር ይተኛል እንዴ?»

«ጠጠር ላይ? እንዴታ፤ እንደ ሕፃን።»

ያን ቀን ከከተማው ወጣ ብላ ሜዳ ላይ ወሰደቻትና የራሷን ሞተር ሣሩ ላይ አጋደመቻት። «አንሺያት» አለች። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን መላጥ ጀመረች።

ብሎን ገፋች፣ ጎተተች፣ ሰደበች። የአንገቷ ሥር ተገተረ።

«በወገብሽ አይደለም፤ በጭንሽ ነው» አለች ሎጊት ብርቱካኗን እየዋጠች። «ጀርባሽን ስጪያት። ቁጢጥ በይ። መሪዋን በአንድ እጅ፣ የኋላ ብረቷን በአንድ እጅ። አሁን ወደ ኋላ እየተራመድሽ ተነሺ።»

«አክስቴ ትሙት፣ ንቅንቅ አትልም።»

ሎጊት ብርቱካኑ ትን እስኪላት ሳቀች። «እኔን ገድለሽም አልተነሳችም?»

ብሎን የምትምለው ሁልጊዜ በአክስቷ ነው። አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ለበላችውም ላልበላችውም፣ ላጠበችው ሳህንም ላላጠበችውም «አክስቴ ትሙት» ነው መሐላዋ። ሎጊት ደግሞ በተማለባት ቁጥር ደስ ይላታል፤ «በቀን ስንቴ ስትገድለኝ እየዋለች ይኸው ወፈርኩ» ትላለች።

«አየሽ» አለች ሎጊት ያን ቀን፣ ሞተሯን ራሷ ብቻዋን አንስታ ካቆመች በኋላ፣ «ይቺ የእኔ ቁመት ናት፤ ብሞት እንኳ እንዳትወርሻት። ያቺ የመስኮቷ ደግሞ ከይቺም ትብሳለች። የአንቺ መንገድ ግማሹ አስፋልት ግማሹ ጠጠር ነው። ለአስፋልቱ ብለሽ ጎተራ አትግዢ፣ ለጠጠሩ ብለሽ አንበጣ አትግዢ። ፍጥነቷን አትጠይቂ፤ ሽንኩርት አይሸሽም። እግርሽ ግን ሙሉውን መሬት ይርገጥ። ደግሞ ትወድቂያለሽ። ሁሉም ይወድቃል። እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ የሚያነሳሽ ሰው የለም። ቆማ ያማረችውን ተዪ፤ ወድቃ የምትነሳልሽን ምረጪ።»

*

ከሰዓት በኋላ የሎጊት ደንበኛ የሆነ አንድ የሽንኩርት ገበሬ መጣ። ከወንዙ ማዶ በሰው የጭነት መኪና ተሳፍሮ ነው የመጣው። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሻዩን ጠጣ። ከዚያ ወደ ብሎን ጠጋ ብሎ፣

«የሚነገርበት ቦታ አይደለም፤ አውቃለሁ። ፓምፑ ቆሟል» አለ።

«ጨርሶ ነው ወይስ ድምፅ አለው?»

«ያጉረመርማል እንጂ አይስብም።»

«አየር ገብቶበት ይሆናል። ላስቲኩም ካለቀ ቆይቷል፤ ባለፈው አይተነው ነበር። ሽንኩርቱ ምን ያህል ይቆይልሃል?»

«ፀሐዩ እንዲህ ከሆነ እንጃ። ጫፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል።»

«እመጣለሁ።»

«በምን?» አለ ገበሬው። ነገር ፈልጎ አልነበረም፤ መንገዱን ስለሚያውቅ ነው።

«በምንም» አለ አባቷ ከበሩ።

አባቷ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። የሎጊት አገጭ አለው፤ ቁመቷን ግን አላገኘም።

«ይኸው ሰው ሁሉ ይስማ» አለ። «እዚያ ነገር ላይ ላትወጪ ማዪልኝ። በእሷ ማዪልኝ።»

«አባዬ፣ ሞተር አልገደላትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን…»

«ልብን ማን ይከሳል፣ ልጄ? የት አግኝቼ ልጣላው? ሞተሯ ግን ያቻትና ቆማለች። እህቴን ቀብሬ መጣሁ፤ በየቀኑ መንገድ መንገድ ሳይ ልዋል? ማዪልኝና ልረፍ።»

ብሎን ሰው ሁሉ እያያት እንደሆነ አወቀች። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ምላሷ ይቀድማታል፤ ተፈጥሮዋ ነው።

«አክስቴ ትሙት፣ አልተውም።»

አንዲት ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ መዞሯን አቆመች። ልብስ ሰፊዋ አፏን በሻርፗ ያዘች። ብሎን ከአፏ የወጣውን ቃል ከሌላ ሰው እንደሰማችው ሁሉ ዞር ብላ ልትፈልገው ምንም አልቀራት። በቀን ስንቴ ብላው የሚሳቅለት ቃል ነበር። አሁን ክፍሉ መሐል ወድቆ የሚያነሳው ጠፋ።

«ሞታለች» አለች ቀስ ብላ። የአባቷ ፊት ሲጨማደድ አየች፤ ግን አልተመለሰችም። «ከእንግዲህ የምምልበት ሰው የለኝም፣ አባዬ። ስለዚህ ለመተውም አልምልም፣ ላለመተውም አልምልም። ዝም ብዬ እሄዳለሁ።»

ትሪውን ልብስ ሰፊዋ ጭን ላይ አስቀምጣ ወጣች። ገበሬው ኮፍያውን አንስቶ ተከተላት። ከኋላቸው «ኧረ በጥቁር ልብሷ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

*

ሞተር ሻጩ ቀጭን ከረባት ያሰረ ደስተኛ ሰው ነበር። «ለወንድምሽ ነው?»

«ለእህቱ ነው። ለእኔ።»

ወደ መስኮቷ ቆንጆ መራት። «እንግዲያ ይቺን እዪልኝ። ወንድ ናት። ተራራ ትወጣለች።»

«ተራራ ላይ ፓምፕ የለኝም።» ቢሆንም ወጣችባት፤ ስንት ቀን ያየቻት ናት። የጫማዋ ጫፍ ብቻ ወለሉን ዳሰሰ። የአክስቷ ሳቅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለባትና ወረደች። ሁለተኛዋ ቀጭንና ረጅም፣ መቀመጫዋ እንደ አጥር ጫፍ የሰላ ነበረች። አንበጣ። እሷንም አለፈቻት።

ጥግ ላይ አቧራ የለበሰች አንዲት አለች። ቀለሟ የደረቀ ጭቃ ይመስላል። መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ቸርኬዋ ጠጠር ሲመታው የማይሰነጠቀው በሽቦ የተወጠረው ዓይነት፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ድንጋይ እንዳይነካው ከፍ ተደርጎ ታስሯል።

«ኧረ ተያት» አለ ሻጩ፣ «መልክ የላትም።»

«በመልክ አልተጣላንም።»

ከሱቁ ኋላ ያለው ግቢ ጠጠር ነው። እዚያ ገፍታ አወጣቻትና ወጣችባት። ሁለቱም ተረከዞቿ መሬት ያዙ። ወርዳ መሪዋን ጨበጠች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጥላት።»

«ምን?»

«ከፍዬ ልጣላት ወይስ ጥዬ ልክፈል?»

ሻጩ ገበሬውን አየ። ገበሬው ትከሻውን ነቀነቀ። «ከፍለሽ» አለ ሻጩ በመጨረሻ።

ለቅዳሜ ያጠራቀመችውን ብር ቆጥራ ከፈለች። ከዚያ መቆሚያዋን አስቀድማ ዘረጋችላት፤ ቀና ስትል በወዲያ በኩል እንዳትገለበጥ ነው። በቀኝ ጎኗ ቀስ አድርጋ ጠጠሩ ላይ አስተኛቻት። ጀርባዋን ሰጠቻት፣ ቁጢጥ አለች፣ ያዘች፣ ገፋች። ሞተሯ ከመሬት ለቀቅ አለች፤ ወዲያው ጠጠሩ ከጫማዋ ሥር ሸሸና ሁለቱም ተመልሰው ቁጭ አሉ።

ከበሩ በኩል ሰው ሲሮጥ ሰማች። አባቷ ነው፤ አንድ ነገር ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሌላውን እጁን ዘርግቶ።

«ተው አባዬ። አትንካት።»

«እኔ አለሁ እኮ…»

«እዚያ አትኖርም።»

የተዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። ብሎን በተረከዟ ጠጠሩን ጫር ጫር አድርጋ ደረቁን መሬት አገኘች። ትንፋሿን ሳበች። በወገብሽ አይደለም። ገፋች፤ ጭኗ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላ እርምጃ። የሞተሯ ክብደት ከጀርባዋ ላይ እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደና መቆሚያዋ ላይ ቀጥ አለች። ገበሬው በኮፍያው ጉልበቱን መታ። ሻጩ ከረባቱን ፈታ አደረገ።

አባቷ ሞተሯን ከላይ እስከ ታች አየ። ከዚያ በብብቱ የያዘውን አወጣ፤ የሎጊት የመፍቻ ቦርሳ ነው።

«አንሶላውን አነሳሁት» አለ፣ ፊቷን ሳያይ። «ይታጠባል። ይሄን እዚያው አገኘሁት። ያለ መፍቻ ምን ልትጠግኚ ነበር? በምላስሽ?»

ኋላ መቀመጫው ላይ አስቀምጦ በላስቲክ ገመድ አሰረው። አስተሳሰሩ ጫማ እንደሚያስር ሰው ነበር፤ ብሎን ግን አላረመችውም።

«ቀስ ብለሽ» አለ።

«ሽንኩርት አይሸሽም፣ አባዬ።»

ገበሬው የጭነት መኪና ተሳፍሮ ሊቀድማት ወጣ። እሷ ሻጩ የመረቀላትን ሄልሜት አጥልቃ ወጣችባትና አስነሳቻት። ፍሪሲዮኑን ልትጨብጥ ስትል ግራ እጇ ሳይጠይቃት ወደ ኋላ ሄደ፤ ጉልበት በሚኖርበት ቦታ መታ መታ አደረገ። ቦርሳው ላይ አረፈ። ውስጡ ያሉት መፍቻዎች ቀጭ፣ ቀጭ አሉ።

እጇን መልሳ ፍሪሲዮኑን ጨበጠች።